ጥዝዝታውን ያጠፋች ሳጥን

ጥዝዝታውን መጀመሪያ የሰማሁት በገና ሳዳምጥ ነው። በገና ደግሞ ለዚህ ነገር አታላይ መሣሪያ ነው። 10 ጅማት አለው። በጅማቱና በበርኩማው መካከል እንዝራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ ትገባለች። ያ ዝዝዝ የሚለው የበገና ድምፅ የሚመጣው ከእሷ ነው። ስለዚህ በገና እየሰማህ ዝዝዝ ሲልህ ማንንም አትጠረጥርም። እኔም ሁለት ወር ሙሉ የላፕቶፔን ጩኸት ከእንዝራው ጋር ደባልቄ ስሰማ ኖሬያለሁ። አንድ ቀን ደርዳሪው እጁን አነሳ። መዝሙሩ አለቀ። ዝዝዙ ግን አላለቀም።

ደሴ ፒያሳ ሁለት ሜትር በሦስት የምትሆን ክፍል አለችኝ። ድሮ ቴፕና ሬዲዮ እጠግን ነበር። አሁንም እጠግናለሁ፣ የሚያመጣ ሰው ነው የጠፋው። አሁን ሰው የሚያመጣልኝ ካሴት ነው። የአባቱን፣ የሠርጉን፣ የመንዙማውን፣ የልጁን የመጀመሪያ ልደት። ወደ ፍላሽ እገለብጥለታለሁ። ቀኑን ሙሉ ጆሮዬ ላይ ሄድፎን አለ። ለዚህ ነው ስለዚች ሳጥን ለመጻፍ መብት አለኝ የምለው። ሙዚቃ በትርፍ ጊዜው የሚሰማ ሰው አይደለሁም። ስምንት ሰዓት የሚሰማ ሰው ነኝ።

ሳጥኗን ያመጣችልኝ የእህቴ ልጅ ናት። ዱባይ ሦስት ዓመት ሠርታ ስትመለስ ለእናቷ ብርድ ልብስ፣ ለእኔ ይህቺን ይዛ መጣች። 400 ድርሃም ገደማ አውጥታባታለች። የድርሃም ምንዛሪ ከዶላር ጋር የታሰረ ስለሆነ ሒሳቡ ቀላል ነው፣ 110 ዶላር አካባቢ። ወደ ብር ለመመንዘር አልሞከርኩም። ከሐምሌ 2016 ወዲህ በዶላር የተገዛ ስጦታ ሲመነዘር ደስታው ይቀንሳል። አብሮ ደግሞ አብራት ከምትሠራ ልጅ የገዛችው አንድ ያገለገለ ትልቅ ሄድፎን ሰጠችኝ። ቤየርዳይናሚክ ዲቲ 770 ፕሮ ነው፣ ባለ 250 ኦሙ። ኦም የኤሌክትሪክ መቋቋሚያ መለኪያ ነው፣ ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

«ጋሼ፣ ይሄ ዳክ ይባላል» አለችኝ።

«ለምን ይሆናል?»

«ሻጩ ድምፅ ያጠራል አለኝ።»

ሻጭ ነው፣ ምን ሊል ይችላል። የአምራቹን ስም አልጠራም። ቀጥሎ የማማርርባቸው ነገሮች አሉ፣ የእኔዋ ሳጥን ብቻ የተበላሸች ልትሆንም ትችላለች። ደግሞ የዚህ ዓይነት ሳጥን የሚሠሩት ብዙ ናቸው፣ በዚህ ዋጋ ያሉት በአመዛኙ ወንድማማች ናቸው።

እንዲህ ናት። ጥቁር አሉሚኒየም። ስፋቷ ከእጄ መዳፍ አይበልጥም፣ ቁመቷ እንደ ሁለት የካሴት ማኅደር ተደራርቦ። ፊቷ ላይ ትልቅ የሄድፎን ቀዳዳ፣ የቮሊዩም ቁልፍ፣ ጌይን (ድምፁን የምታጎላበትን መጠን) የምትቀይር ትንሽ ማብሪያ፣ አንዲት አረንጓዴ መብራት። ጀርባዋ ላይ ዩኤስቢና ወደ ትልቅ አምፕሊፋየር የሚሄዱ ቀይና ነጭ ቀዳዳዎች። በቃ። ባትሪ የላትም፣ ሪሞት የላትም፣ ብሉቱዝ የላትም። ይህ ደስ ብሎኛል። የሚበላሽ ነገር ባነሰ ቁጥር ለእኔ ዓይነት ሰው ሥራ ቢቀንስም እንቅልፍ ይጨምራል።

ሱቄ የሚመጣ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነው። «ካሴቱን የምትገለብጠው በዚች ነው?» አይደለም። ካሴት የሚገለበጥበት ዕቃ ሌላ ነው፣ የኤሌክትሪኩን ሞገድ ወደ ቁጥር የሚቀይር። ይህቺ የተገላቢጦሹን ነው የምትሠራው። ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ዘፈን ቁጥር ነው። ጆሮ ደግሞ ቁጥር አይሰማም። ሳጥኗ ቁጥሩን ተቀብላ ወደ ሞገድ ትቀይራለች፣ ዳክ ማለት ይሄ ነው፣ ከዚያ ሄድፎኑን ለመግፋት የሚበቃ ጉልበት ትጨምርበታለች። ላፕቶፕህም ስልክህም ይህንኑ ሥራ የሚሠራ ቺፕ ውስጣቸው አለ። ጥያቄው የነሱ ምን አነሰው ነው።

የእኔ ላፕቶፕ ምን እንደሚያንሰው ልንገራችሁ። ድምፅ የሚያወጣው ቺፕ ከፕሮሰሰሩ፣ ከቬንቲሌተሩና ከዋይፋዩ ጋር አንድ ቦርድ ላይ ተጨናንቆ ነው የሚኖረው። የነሱን ጩኸት ይለቅማል። ማውሱን ሳንቀሳቅስ ጆሮዬ ላይ ጭርጭር ይላል። ፋይል ስገለብጥ ድምፁ ይቀየራል። ቻርጀር ስሰካ ይብሳል። ላፕቶፑ አርጅቷል፣ እኔም አርጅቻለሁ፣ ግን እኔ አልጮህም።

ሳጥኗን በዩኤስቢ ሰካኋት። ላፕቶፑ ያለ ሲዲ፣ ያለ ምንም ጭነት ወዲያው አወቃት። ትንሿን የጆሮ ማዳመጫ ሰካሁ፣ ያንኑ የበገና ፋይል ከፈትኩ፣ መጨረሻው ላይ ሄድኩ። ደርዳሪው እጁን አነሳ። ከዚያ ምንም። የውጭው የባጃጅ ድምፅ ነው የተሰማኝ።

እውነቱን ለመናገር የዚች ሳጥን ዋናው ሥራ ይሄ ነው። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

ጠጋኝ ነኝና ሳልፈታት አላደርኩም። አራት ብሎን፣ በትንሿ ካቻቢቴ። ውስጧ ንጹሕ ነው። ዩኤስቢውን የሚቀበል ቺፕ፣ ዳኩ ራሱ፣ ሁለት ኦፕ አምፕ (ድምፁን የሚያጎሉ ቺፖች)፣ ካፓሲተሮች፣ ቮሊዩሙ። ስለ ዳክ ቺፕ ስም ሰው ብዙ ይከራከራል። በ2020 እ.ኤ.አ. ጥቅምት ጃፓን ኖቤኦካ የሚገኘው የአሳሂ ካሴይ የቺፕ ፋብሪካ ተቃጠለና ብዙ አምራቾች ቺፕ አጥተው ንድፋቸውን ለመቀየር ተገደዱ። ያኔ «የድሮው ይሻላል፣ የአዲሱ ይሻላል» የሚል ክርክር ተነሳ። ለእኔ ጆሮ ከቺፑ ስም ይልቅ ዙሪያው ያለው ሥራ ይበልጣል። ኃይሉ እንዴት ተጣርቷል? ግራውንዱ እንዴት ተዘርግቷል? ጥሩ ጤፍ ይዞ መጥፎ እንጀራ የሚጋግር ሰው ሞልቷል።

ከዚያ ቴስተሬን አወጣሁ። 100 ኸርትዝ የሆነ ንጹሕ ድምፅ ከላፕቶፑ ለቀቅኩ። 50 ያላልኩት ከመብራት ኃይሉ ጋር እንዳይምታታብኝ ነው። የላፕቶፑ ጃክ እስከ መጨረሻ ተከፍቶ 1.1 ቮልት ሰጠኝ። ሳጥኗ በዝቅተኛው ጌይን 1.2፣ በከፍተኛው 3.5።

ቀጥሎ 33 ኦም ሬዚስተር ጫንኩባቸው፣ ልክ ትንሽ ማዳመጫ እንደተሰካ። የላፕቶፑ ከ1.1 ወደ 0.84 ወረደ። የሳጥኗ ከ1.2 ወደ 1.18። ይህ ምን ማለት መሰላችሁ፤ ማታ ማታ ሠፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲለኩስ አምፖላችሁ ይደበዝዛል አይደል? መስመሩ ቀጭን ስለሆነ ነው። ላፕቶፑም እንደዚያ ነው፣ ውስጡ 10 ኦም ያህል መቋቋሚያ አለው። ሳጥኗ ግን ከአንድ ኦም በታች ናት። ማዳመጫዎች ደግሞ ኦማቸው ለሁሉም ድምፅ አንድ ዓይነት አይደለም። ለከበሮው አንድ ነው፣ ለዋሽንቱ ሌላ። መስመሩ ቀጭን ሲሆን አንዱ ድምፅ ሳይጋበዝ ይነሳል፣ ሌላው ይወድቃል። የእኔ ትንሽ ማዳመጫ በላፕቶፑ ሲሆን ድቤው ያብጣል። በሳጥኗ ልክ ልኩን ይመታል። ልዩነቱ ትንሽ ነው። ግን ካሴት ስታጸዳ ድቤው አበጠ ብለህ ከቀነስክ፣ ደንበኛው ቤቱ ወስዶ «ድቤው የት ሄደ?» ይልሃል። ደርሶብኛል።

አሁን ወደ 250 ኦሙ። ኦሙ በጨመረ ቁጥር ለመግፋት ቮልት ይፈልጋል። ሒሳቡ ትምህርት ቤት የተማርነው ነው፤ ቮልት በራሱ ተባዝቶ ለኦም ሲካፈል። በላፕቶፑ 1.1 ቮልት ወደ 5 ሚሊዋት ይደርሰዋል። በሳጥኗ 3.5 ቮልት 49 ሚሊዋት። 10 እጥፍ ነው። ጆሮ ግን እንደ ሒሳብ አይቆጥርም። 10 እጥፍ ጉልበት ለጆሮ ሁለት እጥፍ ያህል ነው የሚመስለው። ቢሆንም በዝቅተኛ ድምፅ ለተቀዳ ካሴት ይህ ሁለት እጥፍ ሞትና ሽረት ነው።

ከሁሉ የምኮራበት ፈተና ግን ሌላ ነው። ሰው አዲስ ዕቃ ሲገዛ ጆሮው ይዋሻል። ገንዘብ የወጣበት ድምፅ ያምራል። ትንሽ የጮኸ ድምፅም ያምራል። ስለዚህ ሁለቱንም በቴስተር እኩል 0.5 ቮልት ላይ አደረግኳቸው። የእህቴን ልጅ ከኋላዬ አስቀምጬ «አንቺ ሰኪ፣ እኔ እገምታለሁ፣ አንቺ ጻፊ» አልኳት። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ደንበኛ ገብቶ ቢያየኝ ጠበል የሚያስፈልገኝ ይመስለው ነበር።

መጀመሪያ ላፕቶፑና ሳጥኗ፣ በትንሿ ማዳመጫ። 20 ጊዜ ቀየረች፣ 20ውንም አገኘሁ። ጀግና ስለሆንኩ አይደለም፤ ጥዝዝታው ይነግረኛል።

ቀጥሎ ጃክ ያለው የድሮ ስልኬና ሳጥኗ፣ በዚያችው ማዳመጫ። 20 ጊዜ ቀየረች። 11 አገኘሁ። ሳንቲም ብወረውርም ያንኑ ያህል አገኝ ነበር። የእህቴ ልጅ ከትከት ብላ ሳቀች። «400 ድርሃሜ!» አለች።

ይህን ነው ማንም ሻጭ የማይነግራችሁ። ስልካችሁ ጥዝዝ የማይል ከሆነ፣ ማዳመጫችሁም በቀላሉ የሚነዳ ከሆነ፣ ይህቺ ሳጥን ለእናንተ ምንም አትጨምርም። በገንዘቡ የተሻለ ማዳመጫ ግዙ። ወይም በግ።

ደንበኛዬ ሐጂ የመጡት በማግስቱ ነው። ከሸዋ በር በእግራቸው፣ ካሴቱን በመሐረብ ጠቅልለው። ከ30 ዓመት በፊት ቤታቸው የተቀዳ መንዙማ ነው። ቀጂው ቴፑን ርቆ አስቀምጦታል መሰለኝ፣ ድምፁ ከጉድጓድ የሚመጣ ነው። ገልብጬ ከጨረስኩ በኋላ ትልቁን ሄድፎን አደረግኩላቸው። ከሳጥኗ ጋር፣ በከፍተኛው ጌይን።

መጀመሪያ ዝም አሉ። ከዚያ ጣታቸውን አነሱ።

«ሲኒ ነው! ሲኒው ይሰማል ልጄ!»

ተቀብዬ ሰማሁት። እውነት ነው። ድቤው ከመግባቱ በፊት፣ አዝማቹን ከሚቀበሉት ሰዎች በስተኋላ፣ ረከቦት ላይ ሲኒ ይቀመጣል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ቡናው እየተቀዳ ነው።

«ማን እንደሚቀዳ አውቃለሁ» አሉ ሐጂ። ማን እንደሆነች አልጠየቅኳቸውም።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ ግን ሕሊናዬ አላረፈም። ሳጥኗ ናት ወይስ ሄድፎኑ? ሄድፎኑን ነቅዬ በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ሰካሁት። እስከ መጨረሻ ከፈትኩ። ሲኒው አለ። ፋይሉ ውስጥ እስካለ ድረስ የት ይሄዳል? ነገር ግን ሩቅ ነው፣ ጆሮን ወጥሮ መፈለግ ይጠይቃል። አስቀድሜ ባላውቅ አልሰማውም ነበር። ሐጂም በዚያ ዕድሜያቸው አይሰሙትም። ስለዚህ ፍርዴ፣ ሲኒውን ያመጣው ሄድፎኑ ነው፣ እስከ ጆሮ ያደረሰችው ሳጥኗ ናት።

ሌላም ነገር አለ። ሐጂ ሲያዳምጡ «ይቺ ሽሽሽ የምትለውስ?» ብለውኝ ነበር። «እሷ የካሴቱ ናት ሐጂ፣ ይቺ ሳጥን አታነሳትም» አልኳቸው። ሳጥኗ ሲኒውን ስታጎላ ሽሽሽታውንም እኩል ነው ያጎላችው። ዳክ ገዝቶ የተበላሸ ቅጂ ይስተካከልልኛል የሚል ሰው ካለ ከአሁኑ ይወቅ።

የካርቶኑ ላይ ጽሑፍ አሁን ያስቀኛል። 32 ቢት። 768 ኪሎኸርትዝ። ሲዲ በ1982 እ.ኤ.አ. ገበያ ሲወጣ 16 ቢትና 44.1 ኪሎኸርትዝ ነበር። የሚይዘው ድምፅ የዚያን ግማሽ፣ እስከ 22 ሺህ ኸርትዝ ነው። ጤናማ ወጣት እስከ 20 ሺህ ይሰማል። እኔ ራሴን ፈትሼ ከ12 ሺህ በላይ ዝም ነው። ቆየት ያለ ካሴት ደግሞ 15 ሺህ ከደረሰ ጎበዝ ነው። በ16 ቢት ከፍተኛውና ዝቅተኛው ድምፅ መካከል 96 ዴሲቤል ገደማ አለ፣ ተራ ካሴት 50 ቤት ውስጥ ነው የሚንቀሳቀሰው። ታዲያ በ768 ምን ላድርግ? አንድ ጀበና ቡና ለማፍላት የውሃ ቦቴ እንደ መጥራት ነው። ሳጥኗን 44.1 ላይ አድርጌ ረሳኋት።

አሁን ቅሬታዬ።

ቮሊዩሙ ተንጋዷል። ከመነሻው እስከ ሩብ ዙር ድረስ ግራው ከቀኙ ይበልጣል። አዝማሪው መሐል መቀመጥ ሲገባው ወደ ግራ ትከሻዬ ይጠጋል። ከሩብ ዙር በኋላ ይስተካከላል። ይህ በርካሽ ፖቴንሾሜትር (ከቁልፉ ሥር ሆኖ ድምፁን በሚቀንሰውና በሚጨምረው ዕቃ) የተለመደ ነው፣ ሁለቱ ወገን በመነሻው ላይ እኩል አይሄዱም። መፍትሔው ጌይኑን ዝቅ አድርጎ ቁልፉን ከፍ ማድረግ ነው፣ ወይም ከላፕቶፑ ድምፁን መቀነስ። በ250 ኦሙ ችግሩ አይታይም፣ ቁልፉ ከግማሽ በላይ ስለሚዞር። በትንሿ ማዳመጫ ግን በየቀኑ አናዶኛል። 110 ዶላር ተቀብሎ እዚህ ላይ አንድ ዶላር መቆጠብ ምን ይባላል?

የዩኤስቢ ገመዱ አጭርና ልል ነው። ጠረጴዛው ሲነካ ድምፁ ይቆረጣል፣ ላፕቶፑም ወደ ራሱ ስፒከር ይዞርና የሐጂን መንዙማ ለመንገደኛ ይለቃል። ገመዱን በሌላ ቀየርኩ፣ ዳነ።

መብራቷ ሌሊት ያስቸግራል። በጥቁር ፕላስተር ሸፈንኳት።

በስልክም ሞክሬያታለሁ። የዩኤስቢ ዕቃ ከስልክ ጋር በሚያገናኘው በኦቲጂ ገመድ ትሠራለች፣ ግን የስልኩን ባትሪ ትጠጣለች። በዩኤስቢ መለኪያዬ ስለካት በ5 ቮልት 0.3 አምፔር ትወስዳለች፣ 1.5 ዋት ማለት ነው። ለላፕቶፕ ኢምንት ናት። ለስልክ ግን ብዙ ነው፣ ስልኩን ቻርጅ እያደረጉ መጠቀምም አይቻልም፣ ቀዳዳው አንድ ነዋ።

ይህ ከላፕቶፕ መብላቷ ግን አንድ በረከት አለው። መብራት ሲሄድ እሷ አትሄድም። የላፕቶፑ ባትሪ እስካለ ትሠራለች፣ እንዲያውም ያኔ የበለጠ ዝም ትላለች። ባለፈው ሳምንት ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፍቶ፣ ከጦሳ ጉም ወርዶ ፒያሳን ሸፍኖት፣ በሩን ዘግቼ ሁለት ካሴት ጨረስኩ። ሳጥኗ ሞቅ ስለምትል እጄን አስደግፌባታለሁ። ለደሴ ብርድ ይህም አንድ ጥቅም ነው። ካርቶኑ ላይ አልጻፉትም።

ኮምቦልቻ ላይ ግን ሙቀቷን አልወደድኩትም። የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር ጓደኛ አለኝ፣ «አምጣና በእኔ ስፒከር እንሞክራት» ብሎ ወተወተኝ። ሚኒባስ ይዤ ሐረጎን ወረድኩ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፣ ግን በዚያ ጠመዝማዛ ስትወርድ ጃኬት ለብሰህ ተነስተህ በሸሚዝ ነው የምትደርሰው። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፣ ኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። የጓደኛዬ ክፍል ቆርቆሮ ናት። ሳጥኗ ከአንድ ሰዓት በኋላ ትኩስ ዳቦ ሆነች። ሥራዋን አላቋረጠችም፣ ቢሆንም ላፕቶፕ ላይ ደርባችሁ አታስቀምጧት።

እዚያ የገጠመን ሌላ ጉድ ነው። በጀርባዋ ቀይና ነጭ ቀዳዳ ከጓደኛዬ ትልቅ አምፕሊፋየር ጋር አገናኘናት። እምምምም። ወፍራም፣ የማያቋርጥ። ጓደኛዬ እንደ ዳኛ አየኝ።

«ጥዝዝታ ታጠፋለች አላልክም እንዴ?»

«አብሽር፣ ይሄ ሌላ ነው።»

ሌላ ነበር። ያ ድምፅ 50 ኸርትዝ ነው፣ የመብራቱ የራሱ። ላፕቶፑ በአንደኛው ግድግዳ ሶኬት፣ አምፕሊፋየሩ በሌላኛው ተሰክተዋል። ሁለቱ በመሬት መስመራቸው አንድ ጊዜ፣ በድምፁ ገመድ ደግሞ ሌላ ጊዜ ይገናኛሉ። ክብ መንገድ ተፈጠረ፣ በዚያ ክብ ውስጥ የመብራቱ ሞገድ ይሽከረከራል። ግራውንድ ሉፕ የሚሉት እሱ ነው። የቻርጀሩን ገመድ ስነቅል ዝም አለ። መልሼ ስሰካ እምምም። ሁለቱንም በአንድ ዲቫይደር ላይ ሰካናቸው። አብዛኛው ጠፋ፣ ቀሪውን ለመስማት ስፒከሩ ላይ መለጠፍ ያስፈልጋል። ሳጥኗን መውቀስ አልችልም፣ በሄድፎን ብቻ ስትሠራ ይህ ችግር የለባትም። ብቻ ከትልቅ አምፕ ጋር አገናኛለሁ የምትሉ የቤታችሁን ሶኬት መጀመሪያ እዩ። አንዳንዱ ቤት ሦስተኛዋ ቀዳዳ ለጌጥ ነው ያለችው፣ ከመሬት ጋር አልታሰረችም። እንደዚያ ከሆነ አሉሚኒየሙን ስትነኩ ጣታችሁን ያንዘረዝራችኋል። ከሳጥኗ ሳይሆን ከቻርጀሩ የሚመጣ ነው፣ እሱን ኤሌክትሪሺያን ጠርታችሁ አሠሩ።

ከዚያ ድምፁን ሰማን። ጓደኛዬ የቀዳው የባቲ ቅኝት ነበር፣ አንድ ማሲንቆና አንዲት ዘፋኝ። ማሲንቆ አንድ ጅማት ብቻ ያለው፣ ያውም የፈረስ ጭራ። ድምፁ ግን በእሾህ የተሞላ ነው። የደጋኑ ፍትጊያ፣ ሲመለስ የሚሰማው ንክሻ፣ ጣቱ ጅማቱን ሲጫን የሚሰማው ትንፋሽ። እነዚህ በጥዝዝታ የሚዋጡ ነገሮች ናቸው። ጓደኛዬ የራሱን ቅጂ ሲሰማ በመሐል አቁሞ «እዚህ ጋ ቆርጬው ነበር፣ መቁረጫው ይታወቃል» አለ። ሠርጉ ከተደገሰ አራት ወር ሆኖታል፣ ሙሽሮቹም አልሰሙትም። እሱ ግን ሳጥኗን ጠላት፣ «የሠራሁትን ሁሉ እንደገና ልታሠራኝ ነው» ብሎ። በሳምንቱ ደውሎ የት እንደምትገኝ ጠየቀኝ።

ሰው ሲጠይቀኝ እንዲህ እላለሁ። ላፕቶፕህ የሚጮህብህ ከሆነ፣ ወይም ኦሙ የበዛ ትልቅ ሄድፎን ከዘመድ ከደረሰህ፣ ወይም እንደ እኔ በጆሮህ የምትበላ ከሆነ ውሰዳት። ሲላክልህ ወይም ሲመጣልህ ማለቴ ነው፣ እዚህ ደሴ ሱቅ ለሱቅ ዞሬ አላገኘሁም። በብሉቱዝ ማዳመጫ የምትሰማ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አትንካት። የብሉቱዙ ማዳመጫ የራሱ ዳክ ውስጡ አለው፣ ይህቺን የሚሰካበት ቦታም የለውም። ያላዩት አገር አይናፍቅም ይባላል፣ ጥዝዝታ የሌለው ሰው ስለ ጥዝዝታ መጥፋት አያስጨንቀው።

ለእኔ ሳጥኗ ጠረጴዛዬ ላይ ትቆያለች። የእህቴ ልጅ ከ20ው 11ዱን ባስታወሰችኝ ቁጥር «ከ20ው 20ውንስ?» እላታለሁ። ሐጂ ሁለተኛ ካሴት አምጥተዋል፣ የዚያኑ ቤት፣ የሌላ ዓመት። እሱን ከማድመጤ በፊት ቮሊዩሙን ልቀይረው ወስኛለሁ። መርካቶ ለሚመላለስ ልጅ የድሮውን ፖቴንሾሜትር ፎቶ አንስቼ ልኬለታለሁ፣ ባለ ሁለት ረድፍ፣ 10 ኪሎ ኦም፣ ሎጋሪዝም የሆነውን፣ ቁልፉ ሲዞር ድምፁ ለጆሮ እኩል እኩል የሚጨምርበትን ማለት ነው። «ሊኒየሩን እንዳታመጣ» ብዬ ሦስት ጊዜ ነግሬዋለሁ።